ሰው ካልተቀመጠባት አትነሣም

«ጥር ሰባት ቀን ነው የመጣችው» አለ ሕዝቅያስ፣ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ። «ጥር ሰባት፣ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። ሥላሴ ነበር፤ ማሽኗ ከጭነት መኪናው ላይ ስትወርድ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቆመው ሲያዩ ትዝ ይለኛል።» ራሱን ነቀነቀ። «ግን ደግሞ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ስንገፋት ትዝ ይለኛል። በጥር ምን ጭቃ አለ? ወይ በዓሉ ሌላ ነው፣ ወይ ጭቃው የሌላ ቀን ነው።»

«ቴፒ ላይ ጭቃ ወር አይመርጥም» አለ ጀይላን ከጠረጴዛው ማዶ። «‹በጥር ወር› ብለህ ጻፍና ተገላገል ኢንጂነር። ኮሚቴው ልደቷን ሊያከብርላት አይደለም የሚመጣው።»

ጀይላን የእርሻው ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያው መጋዘን ውስጥ የኖረ፣ ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩ ራሱ እፎይ የሚል የሚመስል ግዙፍ ሰው። ሕዝቅያስ ደግሞ ከሚዛን አማን ዋና መሥሪያ ቤት በጠዋቱ ሚኒባስ የመጣ የማሽነሪ ባለሙያ። የተላከውም ለአንዲት አሮጌ የሣር ማጨጃ ነው፤ ተቀምጠው እንደ ትራክተር ለሚነዷት፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ ወደ ዳማነት ለተለወጠች ማሽን። ዓርብ ዕለት ንብረት የሚያስወግደው ኮሚቴ ይሰበሰባል። የሕዝቅያስ ሪፖርት መጨረሻ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ «ትሠራለች» እና «አትሠራም»። ሁለተኛው ላይ ምልክት ከተደረገ ማሽኗ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች። የምትነዳት ሴትም በሚቀጥለው ሰኞ አማን ወዳለው የቡና መልቀሚያ አዳራሽ ትዛወራለች።

ሴትዮዋ ማናልሞሽ ትባላለች። ሕዝቅያስ ከወረቀቱ ያልተነሣው ቀኑ ስለጠፋበት ብቻ አልነበረም። ከመጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮው ጥላ ሥር እሷ እየጠበቀችው እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በመጀመሪያ የተቀጠረው እዚህ ነው። ያን ጊዜ ወንደላጤ ነበረ፤ ምግቡን የሚበላው እዚያና እዚህ ሲሆን፣ በዓል ሲመጣ ግን የሚሄድበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የማጨጃዋ ሹፌር የጥበቡና የሚስቱ የማናልሞሽ ቤት። ማናልሞሽ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ በእናቷ እጅ ተይዛ የመጣች፣ ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረች፣ ቡና ስትለቅም አድጋ ጥበቡን ያገባች ሴት ናት። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ጥበቡ ማሽኗን ዳማ ብሎ የፈረስ ስም አወጣላት። አንድ ክረምት እግሩን ሲያመው ማናልሞሽ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ የእንግዳ ማረፊያውን ግቢ አጨደች፤ ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣ «ሣሩ መች እግር ሲድን ይጠብቃል?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ተራ እየገቡ ነዷት።

ጥበቡ የሞተው ኅዳር ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ነው። ሕዝቅያስ ወሬውን ሚዛን ሆኖ የሰማው ከወር በኋላ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልሂድ አለ፤ ቅዳሜው መጣና ሄደ። ከዚያ ፋሲካ ሲደርስ አለ። ከዚያ፣ እንዲህ ከቆየሁ በኋላ በምን ፊት አለ። ለቅሶ ሳይደርስ ሦስት ዓመት ተኩል ሆነው። ባዕድ እንኳ ድንኳን ገብቶ ተቀምጦ ይሄዳል። እሱ ከእጇ የፋሲካ ጾም ሲፈታ የኖረ ሰው፣ «እግዜር ያጥናሽ» የምትለውን ሁለት ቃል እስከ ዛሬ አላደረሰም።

«ትሄዳለህ ወይስ ሻይ ላዝዝልህ?» አለ ጀይላን።

ሕዝቅያስ ቦርሳውን አነሣ።

ማናልሞሽ ከማሽኗ አጠገብ በጄሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየው ተነሣች። የለበሰችው የጥበቡን ሰማያዊ ቱታ ነው፤ እጅጌው እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል፤ ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል። የባሏ ልብስ ስለሆነ ሰፋት እንጂ ሌላ ነገር ሕዝቅያስ አላሰበም። ከሞተ ጀምሮ እሱኑ ነው የምትለብሰው ብለውታል።

«ሕዝቅያስዬ! ፀጉርህ ሸበተ እኮ!»

«እትዬ ማናልሞሽ፤ እንደምን አለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ነው ቤት? ራሔል ደኅና ናት? ልጆቹስ?»

ሁሉም ደኅና ናቸው አለ። አፉ ላይ የመጣውን ሌላውን ቃል ዋጠው። እሷም እንደማታስታውስ ሆና ወደ ማሽኗ ዞረች፤ ያ ደግሞ ከወቀሳ የባሰ ነበር።

«ሰኞ ነው የተወችኝ» አለች። «ቅዳሜ የእንግዳ ማረፊያውን ግቢ ጨርሼ በደኅና ነው ያቆምኳት። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ዝም። ሳል የለ፣ ማጉረምረም የለ። እንደማያውቅሽ ሰው፣ ዝም።»

«የጋራዥ ልጆች አይተዋታል?»

«ሦስት ቀን!» አለ ጀይላን እያለከለከ ሲደርስ። «ባትሪ ቀየሩ። ካንዴላ ቀየሩ። ካርቡራተሯን ፈትተው በቤንዚን አጠቡ። አንዱ ፔዳሉን በእጁ ይጫናል፣ ሌላው ቁልፍ ያዞራል፣ ሦስተኛው ይሳደባል። በመጨረሻ ‹ሞታለች› ብለው ሄዱ።»

«አልሞተችም» አለች ማናልሞሽ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ሕዝቅያስ፣ ለመልቀሚያው አዳራሽ ብዬ አይደለም የምለምንህ። ሥራ ነው፤ ሌሎች ሴቶች ይሠሩታል። ግን እዚያ ከሄድኩ እዚህ ማን አለ? ቤቱ ይዘጋል። የሱም መቃብር እዚህ ነው። አማን ላይ ማንን አውቃለሁ? እዚህ ቢያንስ ከሷ ጋር እውላለሁ።»

«ልያት» አለ ሕዝቅያስ። ጃኬቱን አውልቆ ምሰሶው ላይ ሰቀለ።

ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ሙሉ ነው። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ አሰራቸው። ፊውዙን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው፤ ሽቦው አልተቆረጠም። ቁልፉን አዞረ፤ ዝም። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ወስዶ ሞተሩን የሚያስነሣውን የሞተሪኖ ሁለት ጫፍ አገናኘ። ብልጭ አለና ሞተሩ ተንፈራገጠ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ግን እሳት አልያዘም። ጀይላን ወደ ኋላ ዘለለ።

«ሕይወት አላት» አለ ሕዝቅያስ። «የሚከለክላት ነገር ነው ያለው።»

«ምን ይከለክላታል?»

መልሱ የመጣለት ከራሱ አልነበረም። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ በምስማር የተመታ የደብተር ወረቀት አየ። ቀለሙ ቢደበዝዝም የእጅ ጽሕፈቱን ወዲያው አወቀው፤ የራሱ ነበር። ማሽኗ በመጣች ሰሞን የእንግሊዝኛውን መመሪያ ለጥበቡ ወደ አማርኛ የመለሰለት እሱ ነው። አንድ ማታ ሙሉ ተቀምጦ ጽፎት፣ በጠዋት ሰጥቶት፣ ረስቶት ኖሯል።

«፩. ፍሬኑ ካልተረገጠ አትነሣም። ፪. የምላጩ ማንሻ ካልወረደ አትነሣም። ፫. ሰው ካልተቀመጠባት አትነሣም። ሹፌሩ ከወንበሩ ከወደቀ ወይም ከወረደ ወዲያው ትጠፋለች።»

ሦስተኛው መሥመር ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሠምሯል። ጥበቡ ነው ያሠመረው።

«የጋራዥ ልጆች ሲሞክሯት ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር?» አለ ሕዝቅያስ።

ጀይላን ነውር ነገር እንደተጠየቀ ሰው አየው። «ማን ይቀመጣል? የጋሽ ጥበቡ ወንበር ነው። እሱ ካረፈ ጀምሮ ከእትዬ በቀር ማንም አልተቀመጠበትም። ልጆቹም ያውቃሉ።»

ሕዝቅያስ ሳይወድ ፈገግ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ በአክብሮት ዙሪያዋን ቆመው ቁልፍ ሲያዞሩ ታዩት። መቶ ባትሪ ቢቀይሩ ባልተነሣች ነበር።

«እኔ ግን ተቀምጬባታለሁ» አለች ማናልሞሽ። «ሰኞም፣ ማክሰኞም። ለኔም እንቢ ነው ያለችው።»

ፈገግታው ጠፋ። እሷ ተቀምጣ እንቢ ካለች ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከወንበሩ ሥር ሰው መቀመጡን የምትለየው ማብሪያ ተቃጥላ ይሆናል። «እኔ ብቀመጥ ቅር ይልሻል?» አላት።

«አንተ ቤተሰብ ነህ። ተቀመጥ።»

ቤተሰብ። ሕዝቅያስ አንገቱን ደፍቶ ወንበሩ ላይ ወጣ። ፍሬኑን ረገጠ፣ ማንሻውን አወረደ፣ ቁልፉን አዞረ።

ዳማ አንዴ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሣች።

ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ጀይላን «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ። ማናልሞሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሕዝቅያስ ማሽኗን አጥፍቶ ወረደና ቦታውን ለቀቀላት፤ ከእንግዲህ ሪፖርቱ አልቋል ብሎ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

ማናልሞሽ ወጣች። ፍሬኑን ረገጠች። ቁልፉን አዞረች።

ዝም።

እንደገና አዞረች። ዝም።

«ጀይላን፣ አንተ ውጣ» አለች።

«እኔ? በጋሽ ጥበቡ ወንበር?»

«ውጣ እልሃለሁ! እሱ ቢኖር አንተን ተሸክማህ ሲያይ በሳቅ ይሞት ነበር።»

ጀይላን ቢስሚላሂ ብሎ ወጣ። ገና ቁልፉን አዙሮ ሳይጨርስ ተነሣች። «አየሽ!» አለ ከጭሱ ውስጥ። «ወደደችኝ! መጋዘኑን ትቼ ማጨድ ልጀምር ነው!» ከዚያ የማናልሞሽን ፊት አየና ማሽኗን አጠፋት።

«ይኸው» አለች። «ጠላችኝ።»

ሕዝቅያስ እንድትቀመጥ ምልክት ሰጣት። ከኋላዋ ቆሞ አንድ እጁን የወንበሩ ጠርዝ ላይ አሳረፈና «አዙሪው» አላት። ዝም። ከዚያ እጁን ጫን አደረገ፤ ብዙ አይደለም፣ የአንድ ባልዲ ውሃ ያህል። «አሁን።»

ተነሣች። እጁን ቀለል ሲያደርግ ጠፋች።

ማብሪያዋ ደኅና ናት። ስፕሪንጉም ደኅና ነው። ፋብሪካው የሠራው የሰው ክብደት ሲያርፍበት እንዲወርድ ነው። የጎደለው የተቀመጠባት ሰው ክብደት ነበር። ሕዝቅያስ ዓይኑን ከወንበሩ ወደ ቱታው አሻገረ፤ ወገቧ ላይ ሁለቴ ወደተጠመጠመው ገመድ፣ በአንገትጌው ውስጥ እንደ ዱላ ወደቆመው አንገቷ። የባሏ ልብስ ነው፣ ስለዚህ ሰፋት። ሁሉም እንዲህ ብለው ነበር ያለፉት።

«ምንድን ነው?» አለች ዞራ ሳታይ።

«ስፕሪንጉ... ጠንከር ብሏል» አለ።

ጀይላን ገብቶታል። ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ። «እንዲያው እትዬ፣ መጋዘኑ ጎን ያለው የቡና ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ብቅ ብትይ...»

«እኔ ቡና ነኝ?» አለችው።

ሕዝቅያስን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ሰው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ አይከሳም። «ቅዳሜ ተነሥታልሻለች፤ ሰኞ እንቢ አለች» አለ። «በመሀል ከማሽኗ ላይ የተወሰደ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ከማሽኗ ላይ ምንም» አለ ጀይላን፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። «እኔ እሑድ ለቆጠራ የመሣሪያ ሣጥኑን ወስጃለሁ፤ የጋሽ ጥበቡን። ግን እሱ ማሽኗ ላይ አልነበረም። እትዬ ጭን ላይ ነው የሚውለው።»

«ከኋላ ሳስረው ይንኳኳል፣ መፍቻዎቹም ይወድቁብኛል» አለች ማናልሞሽ። «ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የምነዳ። ከሞተ ጀምሮ። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።»

ጀይላን ሄዶ ሣጥኑን አመጣ። ወፍራም ቆርቆሮ፣ በመፍቻና በመዶሻ የተሞላ፤ ለጀይላን እንኳ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ማናልሞሽ ተቀበለችው፤ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ አዞረች። ዳማ ተነሣች።

ለሦስት ዓመት ተኩል ሣጥኑ ሲሸፍንላት ኖሯል። በየወሩ ከእሷ የሚጎድለውን የባሏ ብረት ሲሞላ፣ ማሽኗም ሳታውቅ፣ እሷም ሳታውቅ።

«ሽቦዋን ቆርጠህ ዳይሬክት አድርጋት» አለ ጀይላን ወደ ሕዝቅያስ ጆሮ ተጠግቶ። «ሣጥን ምን ያስፈልጋል? ሁሉም መኪና እዚህ አገር ዳይሬክት ነው።»

ሕዝቅያስ ፒንሳውን አነሣ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ከእንግዳ ማረፊያው በታች ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት አሰበ፤ ማናልሞሽ ብቻዋን፣ ከሰው ሁሉ ርቃ፣ ዝናብ ባራሰው ሣር ላይ። ብትወድቅ ምላጩ እየተሽከረከረ ይቀጥላል። ማብሪያዋ የተሠራችው ለዚያ ነው። ማናልሞሽ ከቦታዋ ብትጠፋ ወዲያው የሚያውቅ በዚያ እርሻ ከዚያች ማሽን በቀር ማንም አልነበረም። ፒንሳውን ወደ ቦርሳው መለሰው።

«ሣጥኑ እሷ ጋ ይሁን» አለ። «ከቆጠራው አውጣው።»

«ምን ብዬ?»

«የማሽኗ አካል ነው በል።»

ማናልሞሽ ልትሄድ ማንሻውን ያዘች። ዝናቡ ሳይመጣ የኳስ ሜዳውን ልትጨርስ ነው። ሕዝቅያስ ወደ ማሽኗ ተጠጋ።

«ምሳ በልተሻል?» አላት።

«ጠዋት ጎደሬ ቀምሻለሁ።»

«ማታስ?»

ሳቀች። «ለአንድ አፍ እሳት ማንደድ ያሳፍራል፣ ሕዝቅያስዬ። ሁለት ሆነን ስንበላ ድስቱ ራሱ ይስቅ ነበር። አሁን ብጥደው ‹ለማን ነው?› የሚለኝ ይመስለኛል።»

«እትዬ፣ እንዲያው የሚያምሽ ነገር...»

«ዝናብ መጣ» አለች ወደ ማሻ በኩል የጠቆረውን ሰማይ በአገጯ እያሳየች። ፍሬኑን ለቀቀችና ወጣች።

ሜዳውን ስትጨርስ እጠይቃታለሁ አለ። ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲህ አይጠየቅም፤ ስትወርድ፣ ቁጭ ብለን። መጀመሪያ ግን ያደረውን ዕዳ ይከፍላል። «እትዬ ማናልሞሽ፣ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ይቅር በይኝ» ይላል። ከዚያ መጠየቅ መብቱ ይሆናል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሐኪም አይቷት እንደሆነ፣ ማታ ማታ ማን ደጇን እንደሚያንኳኳ። አማን ካለው ሆስፒታል የሚያውቀው ሐኪም አለ። ነገ ራሱ ይዟት ሊሄድ ይችላል።

መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ወረቀቱን ከፈተ። በመስኮቱ ዳማ ስትመጣና ስትሄድ ትታየዋለች፤ ሰማያዊው ቱታ ላይዋ፣ ሣጥኑ ጭኗ ላይ፣ ከኋላዋ አንድ ወጥ የታጨደ መሥመር። አንድም ቦታ ሳትዘል፣ ልክ እንደ ጥበቡ፣ በሜዳው ጫፍ ላይ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ነው የምትዞረው። «ትሠራለች» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክቱን አደረገ፤ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ፣ እንዳይፋቅ።

«እኔኮ በየቀኑ ነው የማያት» አለ ጀይላን ድንገት። የሻይ ብርጭቆውን እያዞረ ነበር። «በየቀኑ ‹እንደምን አደርሽ፣ እንደምን ዋልሽ› እላታለሁ። ሣጥኑን ከእጇ ስወስድ ራሱ፣ ክብደቷ ቀነሰ አላልኩም። ሣጥኑ ከበደ ነው ያልኩት።»

ሕዝቅያስ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አንድ መሥመር ብቻ ነበር የቀረው፤ «የብልሽቱ ምክንያት»። «ስፕሪንግ» ብሎ ጻፈ፤ ሰረዘው። «የባለሙያ ስሕተት» ብሎ ጻፈ፤ የጋራዥ ልጆቹን አሰበና ሰረዘው። ወረቀቱ ላይ የቀረው ቦታ ለሁለት ቃል ብቻ የሚበቃ ነበር። እስክሪብቶውን አንሥቶ ያንን ቦታ ሲያይ ቆየ። ምን ያህል እንደቆየ አላወቀም።

ቀና ያለው የሞተሩ ድምፅ እንደሌለ ሲገባው ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀምሯል። ከውጭ ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው የሚመልሰው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው።

ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ዳማ በጥላዋ ሥር ቆማለች፤ አፍንጫዋ ወደ ውጭ፣ ጎማዎቿ በሣር ተለስነው፣ ሞተሯ ገና እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሣጥኑ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ዝናብ እንዳይነካውም በላስቲክ ተሸፍኗል። ሜዳው እስከ ጥግ ድረስ ታጭዷል። ሕዝቅያስ በታጨደው ሣር ላይ ወደ በሩ ሮጠ።

መኪናው ተነሥቷል። ከኋላው ሸራ ሥር ሰዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። በመካከላቸው ሰፊ ሰማያዊ እጅጌ አየ፤ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ደኅና እደር እንደሚል፣ ወይም ብረቱን እንደያዘ።

«እትዬ ማናልሞሽ!» ብሎ ተጣራ።

መኪናው ከግራቪሊያ ዛፎቹ ጋ ታጠፈ።